ሁለት ጣቢያ፣ አንድ እማኝ

መካነ ሰላም
ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳዲቅ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሌላ ጊዜ ይህን የምጽፈው ለወጉ ነው፤ ዛሬ ግን ጥያቄ ነው፤ መልስም እጠብቅበታለሁ። አክስቴ የሆነችው አያትህ እንደምትለው አላህ፣ እኔ እንደለመድሁት እግዚአብሔር፣ ከእሳቱ መካከል ያውጣህ።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት፤ ካርቱም ላይ ተኩስ ከተነሣ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው የምትውለው። ከከተማው መውጣትህን በሰው በኩል ሰምታለች፤ ወዴት እንደሆነ ግን የሚነግራት አላገኘችም። ይህን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ፊርደውስ በስልኳ አንሥታ በኢሞ ትልክልሃለች። «እትዬ፣ በስልኩ አጭር መልእክት እንጻፍለት» ብላኝ ነበር። ጦርነት መካከል ያለ ዘመድ በሁለት ቃል አይጠየቅም አልኋት። አንተም ስትመልስ በወረቀት ጻፍና ፎቶውን ላክ። እሷ ታትምልኛለች።

ጦርነቱ የጀመረበት ቀን የእኛ ቅዳም ስዑር፣ የእናንተ ረመዳን ሃያ አራተኛው ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ከራዲዮኑ አጠገብ አልተነሣም። ቀን፣ ሰዓት፣ ጣቢያ፣ ተናጋሪ። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሳለህ፣ በዚያ በሚንጫጫ ድምፅ ማጉያ ፊት አቁሜ ያስተማርሁህን አትረሳውም። ሁለት ምንጭ የሌለውን አናነብም ነበር። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በገበያ ቀን በፊርደውስ ሱቅ በረንዳ ላይ የሳምንቱን ዜና ለጎረቤት ሳነብ ይህን ደንብ አልለወጥሁም። ሰዉም ከሌላው ወሬ የእኔን የሚያምነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ዓርብ ሚያዝያ 13፣ በኢዱ ዕለት፣ ባሲማ ያሲን የምትኖርበት ሕንፃ በመድፍ መመታቱን፣ እሷም ከሞቱት አንዷ መሆኗን ሰማን። የዓይን እማኙ «ከወሎ ቦረና የመጣች ባሲማ የምትባል የቤት ሠራተኛ» ብሎ ጠርቷታል። ሁለት ጣቢያ ነው የዘገበው፤ አንዱ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ ሁለተኛው ወደ ማታ።

እናቷ ኑርጃን ያን ቀን የኢድ ልብሷን ለብሳ በአጥሬ ማዶ ከጎረቤት ጋር ትሳሳቅ ነበር። አንዳንዶቹ ወዲያው ሊነግሯት ፈለጉ፤ አንዱ እንዲያውም ከአቀስታ ስልክ ሊደውልላት ተነሥቶ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በበዓልም አይነገርም ብዬ ከለከልሁ። ሰኞ ንጋት ላይ የቅሬ ዕድራችን ዳኛ አቶ መለሰ፣ ሼህ ኑርሁሴንና እኔ፣ ቀባሪውን ሕዝብ ከኋላችን አስከትለን ገባን። የነገርኋት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ነገሩን እያንዛዛ ያሠቃያታል ብዬ ነው። «ኑርጃን፣ ልጅሽ ባሲማ ካርቱም ላይ ሞታለች» አልሁ። ሌላ ቃል አልጨመርሁም። በደንቡ ተፈጽሟል።

አንተ ከአንድ ሰፈር ስለነበርህ፣ በዓይንህ ያየኸውን ከሰማኸው ለይተህ ጻፍልኝ። ኑርጃን አስከሬኗ የት እንዳረፈ ትጠይቃለች። ሌላ የምትጠይቀው ነገር የለም።

አክስትህ
የሺእመቤት

—

ገዳሪፍ
ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ የሺእመቤት፣

አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ ልጀምር፤ እርስዎም «ይድረስህ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጉልበትዎን አላህ አፊያ ያድርግልዎ። እናቴን በቤትዎ ስላስጠጉልኝ ውለታዎን አልረሳም። እኔ ደህና ነኝ። ገዳሪፍ ከገባሁ ሃያ ቀን ሆነኝ፤ ከዚያ በፊት ስልኬ ሞቶ በየመንገዱ ነበርኩ። ደብዳቤዎን ያየሁት እዚህ ቻርጅ ካገኘሁ በኋላ ነው።

እትዬ፣ ባሲማ አልሞተችም።

እዚሁ ናት። አንድ እግሯ ተሰብሯል፤ ከፍርስራሹ ሥር ያወጧት ሱዳናውያን ጎረቤቶች ናቸው። ስልኳ እዚያው ተቀብሮ ቀረ። የማንንም ቁጥር በቃሏ አታውቅም ነበር። ወደዚህ በጭነት መኪና አምጥተዋት፣ ስደተኞች ውሃ በሚቀዱበት ቦታ ተያየን። በዓይኔ ያየሁት ይህ ነው። ለእናቷ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ።

ዜናውን የትኛው ጣቢያ ላይ ነበር የሰሙት? የዓይን እማኙስ ስሙን ተናግሯል? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ማን እንደተናገረ መመርመሩ አሁን ምንም አያደርግም፤ ዋናው ነገር መኖሯ ነው።

እዚህ ማታ ማታ ሃያ ሠላሳ ሆነን አንድ ስልክ ከብበን ስለ ራሳችን ዜና እናያለን። ትናንት አንዱ ቻናል «ገዳሪፍ ባዶዋን ቀርታለች» ሲል ሻይ ለመጠጣት ወንበር አጥተን ቆመን ነበር። አንዷ ልጅ «እንግዲያው እኛ የለንም፤ ሻዩን አትክፈሉ» አለች። ሳቅን። ባሲማም ሳቀች።

ለእናቴ፣ ለፊርደውስ፣ ለጎረቤት ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ
ሳዲቅ

—

መካነ ሰላም
ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳዲቅ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ የወጣህበትን መንገድ የባረከ አምላክ የቀረውንም ይባርክልህ። ደብዳቤህ ግንቦት 20 ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እናትህ አልቅሳ፣ ዱዓ አድርጋ፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ሄዳ እንጀራ በላች። ከሚያዝያ ወዲህ ጠግባ ስትበላ አላየኋትም ነበር።

ወደ ኑርጃን ፊርደውስን ላክሁ። ጉልበቴ አብጦ ነበር። ፊርደውስ ደብዳቤህን ይዛ ሄዳ፣ «ባሲማ ገዳሪፍ አለች፤ ሳዲቅ አይቷታል» ብላ ነገረቻት። ኑርጃን ምን እንዳለቻት እንደነገረችኝ እጽፍልሃለሁ፦

«እትዬ የሺ ናቸው የላኩሽ?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው።»

«እውነት ቢሆን ራሳቸው አይመጡም? መርዶውን ሊነግሩኝ ጎህ ሳይቀድ መጥተው የለ? አንቺ ልጄ ሩህሩህ ነሽ፤ እንድበላ ብለሽ ነው። አላህ ይስጥሽ።»

ከዚያ በር ዘጋች። ያቺ ሴት ከመርዶው ወዲህ ቅቤዋን ለገበያ አላወጣችም። የባሲማን ልብስ ሣጥኑን ከፍታ ለሰደቃ ሰጥታዋለች፤ አንድም አላስቀረችም። ባለፈው የገበያ ቀን የባሲማን አረንጓዴ ሻርፕ የለበሰች ልጃገረድ ከፊቴ መጣች። መንገድ ቀየርሁ። ለምን እንደቀየርሁ ግን ለራሴም አልነገርሁም።

የባሲማን ፎቶግራፍ ላክልኝ፤ ቀኑ በጉልህ የተጻፈበት ወረቀት በእጇ ይዛ። ያለ ማስረጃ ሁለተኛ አልናገርም። ይህን የምለው አንተን ተጠራጥሬ አይደለም።

አክስትህ
የሺእመቤት

—

ገዳሪፍ
ሐምሌ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሰላምታዬ ጋር ፎቶውን ልኬያለሁ። የያዘችው ካርቶን ነው፤ ወረቀት አላገኘንም። ቀኑን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ቁጥር አጻጻፏ የእርስዎ ክፍል ተማሪ መሆኗን ይመሰክራል።

ደብዳቤውን ለመጻፍ የቆየሁበት ምክንያት ሌላ ነው። የኑርጃንን ስልክ ቁጥር ከእናቴ አግኝተን ባለፈው ሳምንት ባሲማ ደወለች። ድምፁን ለሁላችንም ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰምቻለሁ።

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ ባሲማ።»

«ባሲማማ ሞታለች። መምህርቷ ነግረውኛል። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«እማ በአላህ! ድምፄን አታውቂውም?»

«ሰምቻለሁ፤ እንዲህ እየደወላችሁ ልጅሽ እኛ ጋ ናት፣ ብር ላኪ የምትሉትን። እኔ ብር የለኝም። የሞተችብኝን ልጅ አትነግዱባት።»

ዘጋችው። ባሲማ ደግማ ብትደውል ቁጥሩ አልሠራ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አትናገርም። እግሯ ድኖ በዱላ መሄድ ጀምራ ነበር፤ አሁን ግን ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦ «እማ የምታምነው እትዬን ነው። ሳታምናቸው ብትቀር ኖሮ ድምፄን ታውቀው ነበር።»

እትዬ፣ እባክዎ። በሰው አይላኩ። ጉልበትዎ ቢያምዎም አጥር መሻገር ነው። ልጅ አባት ሞቶባት እናት ደግሞ ካደቻት ምን ይተርፋታል? ፎቶውን ይዘው እርስዎ ራስዎ ይሂዱ።

አክባሪዎ
ሳዲቅ

—

መካነ ሰላም
ሐምሌ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሳዲቅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለባሲማም ምሕረቱን ያውርድላት።

«ሳታምናቸው ብትቀር ኖሮ ድምፄን ታውቀው ነበር።» ይህን ዐረፍተ ነገር አንድ ቀን ሙሉ ሳየው ዋልሁ። የሚታረም ነገር ፈለግሁበት፤ የለውም።

ደብተሬን አወጣሁ። ያኔ የጻፍሁትን እንዳለ እገለብጥልሃለሁ። «ሚያዝያ 13፣ 7፡00፣ ራዲዮ፣ የዓይን እማኝ፣ የአካባቢው ነዋሪ። ከሃያ በላይ ሞተዋል። ባሲማ፣ ከቦረና። ሬሳ ከማለቱ በፊት ይስላል።» ቀጥሎ፦ «ያው ዕለት፣ 11፡30፣ በፊርደውስ ስልክ ላይ የዩቲዩብ ቻናል፣ ጀማል የተባለ እማኝ። ከሃያ በላይ። ባሲማ። ሬሳ ከማለቱ በፊት ይስላል።»

ሁለት ጣቢያ ነው፤ እማኙ ግን አንድ ሰው ነው። ሳሉ እንኳን አንድ ነው። አንዱ ከሌላው ወስዶ ነው ያስተላለፈው። ይህንን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ብትሳሳት ማስመሪያዬን አነሣባት ነበር።

ሌላም አለ። ቻናሉ ከድምፁ ሥር የፈረሰ ሕንፃ ፎቶግራፍ አድርጎ የልቅሶ ሙዚቃ ይነፋበት ነበር። ፊርደውስ አየችውና «እትዬ፣ ካርቱም በረዶ ይጥላል እንዴ?» አለችኝ። በፍርስራሹ ላይ እውነትም በረዶ ነበር። «ዝም በይና ልስማበት» አልኋት። ይህን በደብተሬ አልጻፍሁትም ነበር፤ አሁን ጻፍሁት።

በበረንዳው ላይ ዜና ማንበብ ትቻለሁ። ወሬው ወጥቷል። ባለፈው ሱቁ በር ላይ ስደርስ አቶ መለሰ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «መምህርት፣ ዛሬስ ማንን ገደሉ?» አለኝ። የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ።

ወደ ኑርጃን እሄዳለሁ። ነገር ግን ግማሽ ነገር ይዤ አልሄድም። ስሄድ «ማን ነው ልጄን የገደለብኝ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ይህ እማኝ ማን ነው? አንተ የዚያ ሰፈር ሰው ነህ። ስሙን ጻፍልኝና በዚያው ቀን አጥሩን እሻገራለሁ።

የሺእመቤት

—

ገዳሪፍ
ጥቅምት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ የሺእመቤት፣

ሰላምታዬ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ይድረስዎ። ጦርነት እናንተም ዘንድ ከገባ፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ ወደ እናንተ ኢሞም ስልክም አይገባም። ይህን ደብዳቤ ከመተማ ወደ ደሴ የሚመላለስ ዓባይነህ የሚባል ነጋዴ ይዞልኛል፤ መንገድ ሲከፈትለት ያደርስልኛል።

አሁን ደግሞ እኛ ነን ስለ እናንተ ስልክ ከብበን የምናየው። አንዱ ቻናል መካነ ሰላም ተቃጥላለች ይላል፤ ሌላው ሕይወት እንደ ወትሮው ነው ይላል። ሁለቱም የዓይን እማኝ አላቸው። የሁለቱንም እማኝ ድምፅ እያዳመጥኩ፣ ማንን ትቶ ሮጦ ይሆን እላለሁ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ለሁለት ቀን ብዕሩን አላነሣሁም። እነሆ ቀጠልኩ።

ጀማል እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 12 ሕንፃው ሲመታ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ባሲማ በጀሪካን ውሃ ይዛ ከኋላዬ ትወጣ ነበር። ግድግዳው ሲወርድ ጮኸች። ስሜን ጠርታ ነው የጮኸችው። ሮጥኩ። ዞሬ አላየሁም።

በማግስቱ ማለዳ ከቻናሉ አንድ ሰው ደወለልኝ። ቁጥሬን ከስደተኞች ግሩፕ አግኝቶ ነው።

«ስንት ሰው ሞተ?»

«አላውቅም።»

«በግምት? አሥር? ሃያ?»

«ሃያ ሊሆን ይችላል።»

«ከሃያ በላይ እንበል። ከእነሱ ውስጥ የምታውቀው ሐበሻ አለ? ስም ስጠኝ ወንድሜ፤ ስም ከሌለው ሰው አይሰማውም።»

ስሟን ሰጠሁት፤ የራሴን ግን ጀማል አልኩት። በዓይንህ አይተሃል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ አላየሁም እል ነበር እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። ውሸት ነው። ሞታለች ካልኩ፣ በሕይወት እያለች ትቻት አልሄድኩም ማለት ነው። ለዚህ ነው ያን ያህል ተጣድፌ የተናገርኩት።

ሲጨርስ ምን አለኝ መሰለዎ? «ድምፅህ ለዜና የተፈጠረ ነው፤ የት ተማርከው?» አለኝ። ደስ አለኝ። ከተማው እየነደደ፣ ስሜን ጠርታ የጮኸች ልጅ ከኋላዬ ተቀብራ፣ እኔ ደስ አለኝ። የእርስዎን ስም ልነግረው ነበር፤ ስልኩ ተቋረጠ።

ባሲማ መሮጤን ታውቃለች። አንድም ቀን አላነሣችውም። እንጀራ ስታገኝ ግማሹን ለእኔ ታስቀምጣለች። ያን እንጀራ እንዴት እንደምውጠው እኔ ነኝ የማውቀው።

የጠየቁኝን ስም እነሆ ሰጠሁዎ። ስሜን ለኑርጃን ይንገሩ። ለእናቴም ይንገሩ። ብቻ ይሂዱላት።

ሳዲቅ

—

መካነ ሰላም
ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳዲቅ፣

የጻፍህበትን እጅ አምላክ አያሳጣህ። ይህን ምርቃት ከልቤ ነው የምጽፈው፤ በመጨረሻው ደብዳቤዬ «ልጄ» ሳልልህ ቀርቼ ነበር፤ አውቄ ነው የተውሁት።

መካነ ሰላም አልተቃጠለችም። እንደ ወትሮውም አይደለችም። ገበያው ይቆማል፣ ጨው ተወዷል፣ መኪና ሲመጣ ሰው አንገቱን አውጥቶ ያያል። ከቤቴ በረንዳ የሚታየኝ ይህ ነው። የማይታየኝን አልጽፍልህም።

ደብዳቤህን ዓባይነህ ታኅሣሥ 27 አደረሰልኝ። ሁለት ወር በኪሱ ተሸክሞት ጠርዙ አልቋል። አሁን የእኔን ተራ ስማ።

ድምፅህን ገና በራዲዮው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አውቄው ነበር። እኔ የቀረጽሁትን ድምፅ እንዴት ላላውቀው እችላለሁ? ጀማል ቢሉህ፣ ነዋሪ ቢሉህ፣ ትንፋሽህን የምትወስድበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ሁለተኛውንም ስሰማ አንተ መሆንህን አውቄ ነው በደብተሬ ላይ እንደ ሁለት ምንጭ ያሰፈርሁት። አንተ ከተናገርኸው ይበቃል ብዬ ነው። የስም ጥያቄዬም ጥያቄ አልነበረም። አንተ አስቀድመህ ብትናዘዝ የእኔ የሚያንስ መስሎኝ ነበር፤ ያን እየጠበቅሁ አንዲት እናት አምስት ወር ከግማሽ ከእኔ አጥር ማዶ በቁሟ አለቀች።

የሚብሰውን ልንገርህ። ያን ዓርብ ስሰማህ መጀመሪያ የተሰማኝ ለባሲማ ማዘን አልነበረም። «እንዴት አድርጎ ቃሉን ለየው! አንድም አልጎረሰም» ብዬ ኮራሁ። ለፊርደውስም «ይህ ልጅ በሚገባ የተማረ ነው» አልኋት። ልጅቱ መሞቷን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ደስ አለኝ ስትል እኔ እዚህ ከራዲዮኑ ፊት ሆኜ ከአንተ ጋር ደስ ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 30 ንጋት ላይ ሄድሁ። አስቀድሜ አቶ መለሰን ጠየቅሁት፤ የተነገረ መርዶ እንዴት ነው የሚመለሰው? «እንዲህ ያለ ነገር በቅሬው ደንብ የለም» አለ፤ አልቀለደብኝም። ሼህ ኑርሁሴንም አላውቅም አሉ። ስለዚህ ያኔ በሄድንበት ሰዓት፣ ያኔ የሄድነው ሦስታችን፣ በዚያው በር እንግባ አልሁ። ሥርዓት ያለው ነገር መሰለኝ። ኑርጃን በሩን ከፍታ ሦስታችንን በጎህ ስታየን ምን ሊመስላት እንደሚችል አላሰብሁም። መቀነቷን ጨብጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አሁን ደግሞ ማንን ልትነግሩኝ ነው? ያለችኝ አንዲት ነበረች!»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«ማንም አልሞተ» አልሁ። «ባሲማም አልሞተች። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

«አንቱ?»

«እኔ።»

«ልጄን አንድ ቃል ብትስት በማስመሪያ የገረፉ አንቱ፣ ተሳሳትሁ ይሉኛል?»

«አዎ ኑርጃን።»

ፎቶግራፉን ሰጠኋት። ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው፤ ጣቷን በካርቶኑ ቁጥር ላይ አስኬደች፤ ከዚያ በባሲማ ፊት ላይ። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ሼህ ኑርሁሴን «አልሐምዱሊላህ» ማለት ሲጀምሩ በእጇ አስቆመቻቸውና እኔን አየችኝ።

«ካወቁ ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

«ሰባት ወር ከአሥራ ስድስት ቀን» አልሁ። ጳጉሜን ጨምሬ ቆጥሬው ነበር የሄድሁት፤ ቢያንስ ይህን በትክክል ልንገራት ብዬ።

አቶ መለሰ ወደ ውጭ ወጣ።

አፉ በይኝ አልኋት። አፉ አላለችኝም። «እሱን ባሲማ ስትመጣ ትፍረደው። ለእኔ ወረቀት ያምጡ። የምላትን ይጻፉ። አንድ ቃል እንዳያርሙ፤ ወላሂ ይታወቀኛል» አለች። እሷ አታነብም። ግን እንደሚታወቃት አልተጠራጠርሁም።

በማግስቱ በገበያው ቀን ወደ ፊርደውስ በረንዳ ሄጄ ቆሜ ማረሚያ አነበብሁ። ሳልቀመጥ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሁለቱን ጣቢያ፣ የበረዶውን ፎቶግራፍ፣ ፊርደውስን ዝም ማሰኘቴን ሁሉ አነበብሁ። ስምህን አላነበብሁም፤ ለኑርጃንም ሆነ ለእናትህ አልነገርሁም። እሱ የአንተ ነው፤ ከሁሉ በፊትም የባሲማ ነው። ታውቃለች ብለህ አትቅር። የምታውቀውን ከአፍህ ትስማው። በደብዳቤ እንዳታደርገው። ከተቀመጠችበት ሂድና ፊቷን እያየህ ንገራት። ለእኔ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል፤ አንተ ወጣት ነህ።

ራዲዮኑን ለፊርደውስ ሰጠኋት። ደብተሩን አስቀርቼዋለሁ።

ይህን ዓባይነህ ይዞልህ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው የኑርጃን ነው፤ ለባሲማ አንብብላት። አላረምሁትም።

አክስትህ
የሺእመቤት

«ባሲማ። እማ ነኝ። መምህርቷ ናቸው የሚጽፉት፤ እኔ ነኝ የምናገረው። ደውለሽ ዘጋሁብሽ። ድምፅሽን አውቄው ነበር። ወላሂ አውቄው ነበር። እሳቸው አይሳሳቱም ብዬ የገዛ ጆሮዬን ካድሁት። ከዘጋሁ በኋላ ስልኩን ገደል ከተትሁት፤ እንዳትደውይ ሳይሆን፣ ደግመሽ ብትደውይ አምናለሁ ብዬ ፈርቼ። እግርሽን ዘይት ቀቢው። ብርድ አታስነኪው። ለሚያስጠጋሽ ሰው ሁሉ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ሳዲቅንም አትርሽው፤ ብቻሽን እንዳይተውሽ ንገሪው። ልብስሽን ሁሉ ሰጥቻለሁ። ሣጥንሽ ባዶ ነው፤ አረንጓዴው ሻርፕም የለም። ስትመጪ የምትለብሽው የለሽም። እንዲሁ ነይ።»